ያልታየ እግር «ደህና» አይባልም

ለ፦ በድሬዳዋና በሐረር ሆስፒታሎች በሽተኛ ለምታዩ ሐኪሞች፣ እነርሱንም ለምታስተምሩ አንጋፎች
ጉዳዩ፦ በካርድ ላይ ስለሚጻፈው የአካል ምርመራ

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣

ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ነበርኩ። አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት ተኝተው በሚታከሙ ሰዎች አልጋ አጠገብ ነው፤ መርፌ ስወጋ፣ ቁስል ሳጥብ፣ የእናንተን ኦርደር ከካርድ ላይ ስለቅም። ነርስ የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ የምትለምደው በግዷ ነው። የመድኃኒት ቤት ባለሙያው እንኳ ማንበብ ሲያቅተው ወረቀቱን ወደ እኔ ይልከው ነበር። የማውቀው ግን ጽሑፋችሁን ብቻ አይደለም። እናንተ ስትመረምሩ መከለያውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማን ሆድ ዳስሶ እንደጻፈ፣ ማን ከግርጌ ቆሞ እንደጻፈ አይቻለሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የአካል ምርመራ በሚለው ሥር ያደረጋችሁትን ጻፉ፤ ያላደረጋችሁትን «አልታየም» ብላችሁ ጻፉ። ቀላል ይመስላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ግን ይህን ቃል በካርድ ላይ ያገኘሁት በጣቶቼ የምቆጥረውን ያህል ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት በድሬዳዋ ወባ በበጋው ተነሥቶ ከተማውን አስጨንቆ ነበር። በሮቶና በበርሜል ውኃ የምትራባው እንግዳ ትንኝ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ፣ ስሟ በየጤና ጣቢያው የተነሣው ያኔ ነው። ትኩሳት ያለበት ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው ይባላል፤ ካልሆነ ደንጊ፣ እሱም ካልሆነ ቺኩንጉንያ። ድሬዳዋ ደንጊን ከ2006፣ ቺኩንጉንያን ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ታውቃቸዋለችና ሐኪሙ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ እኔ ተረኛ በነበርኩበት ክፍል፣ ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለሉ አንድ አዛውንት በትኩሳትና በብርድ ብርድ ማለት ተኙ። የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸው በካርዳቸው ላይ በቀይ ተጽፏል። ጫማቸው ከአልጋው ሥር እንደ መስተዋት ያበራል። ካልሲያቸውን ግን አላወለቁም። በድሬዳዋ ሙቀት ካልሲ የሚያደርግ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው።

ደማቸው ለወባ ተመረመረ፤ የለም ተባለ። ተደገመ፤ የለም። ሐኪሞቹ በየቀኑ መጡ፤ በየቀኑም ተጻፈ። «እጅና እግር፦ እብጠት የለም፣ የቅርጽ መዛባት የለም፣ ቁስል የለም።» ይህንን የሚለው መስመር ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። አራተኛው ቀን ላይም ያው ፊደል እንደተሳሳተ ነው፤ አምስተኛው ቀን ላይም። ያኔ ነው የገባኝ። ስህተትን ከነፊደሉ የሚደግም እጅ ከትናንቱ ወረቀት እየገለበጠ ነው።

አምስተኛው ቀን ጠዋት አንሶላ ስቀይር ሽታ መጣብኝ። ቁስል ስታጥብ የኖረች ሴት ያንን ሽታ ከላብ ትለየዋለች።

«አባባ፣ ካልሲዎን ላውልቅልዎት?»

«ተዪው ልጄ፣ ትናንት ነው የተቀየረው።»

ቀኙን ሳወልቅ የካልሲው ክር ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ መጣ። በትንሿ ጣትና በአጠገቧ ባለችው መካከል፣ ሳንቲም የምታክል፣ ዙሪያዋ የጠቆረ፣ መግል የያዘች ቁስል ነበረች። «አያምዎትም?» አልኳቸው። «ምኑ?» አሉኝ። ስኳር ነርቭን ሲገድል ሕመም የሚባለውን ዘበኛ ይወስደዋል፤ ሰውየው እግራቸው እየበሰበሰ መሆኑን የሚነግራቸው አንዳች አልነበረም። ሊነግራቸው የሚችለው የሌላ ሰው ዓይን ብቻ ነበር። ያ ዓይን ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ «አይቻለሁ» ብሎ ፈርሟል፤ ቲተርም መትቶበታል።

ኢንተርኑን፣ ተለማማጁን ሐኪም፣ ጠራሁት። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጎኑን አላሳረፈም። ቁስሉን አይቶ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። «ሲስተር፣ ትናንትም እኮ ጽፌዋለሁ» አለኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ለራሱም የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። አዛውንቱ ሁለት ጣታቸውን አጡ፤ እግራቸው ግን ተረፈ።

ልጁ እግራቸውን አለማየቱን ይቅር እለዋለሁ። አርባ ሰው የተኛበት ክፍል ውስጥ የሁሉም ካልሲ በየቀኑ አይወልቅም። ይቅር የማልለው «ቁስል የለም» ማለቱን ነው። በመጀመሪያው ቀን «እግር፦ አልታየም» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ማታ የመጣው ተረኛ፣ ወይም በማግስቱ የመጣው ሲኒየር፣ ወይም እኔ ራሴ፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር ሳይታይ መቅረቱን አይተን እንደነግጥ ነበር። «የለም» የሚለው ቃል ሁላችንንም አስተኛን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኛ አምስት ቀን የወረስነው ያንን «የለም» ነበር።

እኛ ነርሶችም ንጹሕ አይደለንም። በየአልጋው ግርጌ የሚንጠለጠለውን ቅጽ ያየ ሰው የትንፋሽ ቁጥር ሁሉ 20 መሆኑን ያውቃል። ወጣቱም 20፣ ሽማግሌውም 20፣ ሳንባው የቆሰለውም 20፤ ክፍሉ ሙሉ ሰው በአንድ ሳንባ የሚተነፍስ ይመስል። ትንፋሽ መቁጠር ሰዓት ይዞ ደረት ላይ አፍጥጦ አንድ ደቂቃ መቆም ነው፤ ማንም አይወደውም። ለሕፃን ግን ያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ውሳኔ ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሳል ይዞት ከመጣ እንደ ሳንባ ምች ይታያል። 52 የሚተነፍስ የስምንት ወር ልጅ ላይ በግምት 36 ብላችሁ ከጻፋችሁ እናቱ ሽሮፕ ይዛ ወደ ሳቢያን ትመለሳለች።

የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ከቀትር በኋላ የሚመጣው ሰው ግማሹ ከበርጫ ተነሥቶ ነው የሚመጣው። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። «160 በ100» ብሎ የጻፈ ሐኪም ሰዓቱንና ሰውየው መቃም አለመቃሙን ካልጻፈ፣ ለቀጣዩ ሐኪም የተወለት ግማሽ ቁጥር ነው። የዕድሜ ልክ ክኒን በምርቃና ሰዓት ሲጀመር አይቻለሁ።

የቃላቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። «የዓይን ሽፋን ውስጡ ቀይ፣ የዓይን ነጩ ቢጫ ያልሆነ፣ ሳንባ ንጹሕ፣ የልብ አንደኛና ሁለተኛ ድምፅ በደንብ ይሰማል፣ ተጨማሪ ድምፅ የለም፣ ሆድ ለስላሳ፣ ያበጠ አካል የለም።» በእንግሊዝኛ ስለምትጽፉት ምስጢር ይመስላችኋል፤ የክፍላችን ጽዳት ሠራተኛ እንኳ በቃሏ ትወጣዋለች። እንደ አቡነ ዘበሰማያት ሳይቆም ይወርዳል። የዓይን ነጭ በማታ በቢጫ አምፖል ሥር ቢጫ መሆኑ እንዴት ይለያል? ወደ መስኮቱ አምጡት፣ በፀሐይ ብርሃን እዩትና ጻፉ። ማታ ከሆነ «በአምፖል ብርሃን የታየ» በሉ፤ ጠዋት የሚመጣው ሰው ደግሞ ያየዋል።

አብሬያቸው ከሠራኋቸው ሐኪሞች ሁሉ በፍቅር የማስታውሰው አንድ ሽማግሌ አለ። ኪሱ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ነበረው። ጣፊያ ያበጠበት ሰው ሲመጣ፣ «ጣፊያ፦ ከግራ ጎድን አጥንት ጠርዝ በታች 6 ሴ.ሜ፣ ጠንካራ፣ ሲነካ አያምም» ብሎ ይጽፋል። ከሳምንት በኋላ 4 ሴ.ሜ። ከወር በኋላ 2። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ሰውየው እየዳነ መሆኑን ከካርዱ አነበው ነበር። ሌሎቹ «ጣፊያ አብጧል» ብለው ይጽፋሉ፤ ከወር በኋላም «ጣፊያ አብጧል»። ቀነሰ? ጨመረ? እግዜር ይወቅ። ደንጊ ሲጠረጠር የግፊት መለኪያውን ክንድ ላይ ለ5 ደቂቃ ያዝኩለት፤ ጎኑ 2.5 ሴ.ሜ በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ የወጡትን ቀያይ ነጠብጣቦች በእስክሪብቶ ጫፍ እየጠቆመ ቆጠራቸው፤ «14» ብሎ ጻፈ። 10 ከሞላ ምርመራው አዎንታዊ ይባላል፣ ስለዚህ «አዎንታዊ» ብሎ ቢያልፍም ስህተት አልነበረም። እሱ ግን «ነገ ሌላ ሰው ይቆጥራል፤ ከምን እንደሚያነጻጽር ይወቅ» አለኝ። ሲሳሳት ደግሞ በነጭ ማጥፊያ አይሸፍንም። አንድ መስመር ይሰርዝበትና ከጎኑ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል፤ የተሰረዘው ይነበባል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ የአንዲት ሴት ደረት ላይ ባያደርግ ኖሮ ዛሬ አንገታችሁ ላይ የምታንጠለጥሉት ነገር አይኖርም ነበር። ከመሣሪያው ይልቅ የሚገርመኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። የሰማውን ይጽፍ ነበር፤ በሽተኛው ሲሞት አስከሬኑን መርምሮ ከጻፈው ጋር ያመሳክር ነበር። እያንዳንዱ የደረት ድምፅ የምን በሽታ ድምፅ እንደሆነ የታወቀው እንዲህ ነው። ያልሰማውን እንደሰማ አድርጎ ቢጽፍ ኖሮ መሣሪያው እስከዛሬ የልጆች መጫወቻ ሆኖ በቀረ።

አሁን ስለ ሴቶች ልናገር። መጋላም ሆነ ጀጎል፣ ጉፍታዋን ለማንሣት የምታፍር ሴት ትመጣለች፤ ሐኪሙም ያፍራል። ማዳመጫው በልብስ ላይ ያርፋል፤ ካርዱ ላይ «ጡት፦ ጉብታ የለም» ይጻፋል። እኔ መከለያውን ልይዝ እዚያው ቆሜ ሳለ! ማንም አልነካትም። ሴት ነርስ ጥሩ፣ በር ዝጉ፣ ፈቃዷን ጠይቁ። እምቢ ካለች መብቷ ነው፤ «ታካሚዋ ስላልፈቀደች ጡት አልታየም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ በሴት ሐኪም ይታይ» በሉ። ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ያንን ረጅም ጸሎት ለመድገም ከሚፈጀው ያንሳል። ጊዜ የለንም የሚለውን ክርክር የማልቀበለውም ለዚህ ነው። እውነቱ ከሐሰቱ አጭር ነው።

ደግሞ የእኛ አገር በሽተኛ የሚናገረው በአማርኛ ብቻ አይደለም። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ፤ አስተርጓሚው የጎረቤት ልጅ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» ብላችሁ የጠየቃችሁት «የት ጋ?» ሆኖ ይደርሳል። ከታሪኩ ግማሹ መንገድ ላይ ይጠፋል። ያለ አስተርጓሚ የሚገኘው እውነት እጃችሁ ሆዷ ላይ ሲያርፍ ፊቷ ላይ የሚታየው ነው፤ በዚህ ምድር ላይ ከየትም ይበልጥ የአካል ምርመራ የሚከበርበት ቦታ የእኛው መሆን ነበረበት።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የዳቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ ራሷን የሳተች ሴት አመጡልን። ስም የለ፣ አድራሻ የለ፣ የሚናገርላት ሰው የለ። ተረኛው ሐኪም በዚያ ትርምስ ውስጥ «ሴት፣ ዕድሜ 30 ገደማ፣ በግራ ክንድ ላይ 4 ሴ.ሜ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ፣ ከላይኛው የፊት ጥርስ አንዱ የለም» ብሎ ጻፈ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ሰው መጥቶ እህቴ ክንዷ ላይ የምጣድ ቃጠሎ አላት አለኝ። ካርዱን ገልጬ አገኘሁለት።

ሪፈር ስትጽፉም ይህንን አስቡ። ከባጃጅ የወደቀ ወጣት ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ እየወጣ ሐረር ሲደርስ ተኝቷል። እንቅልፍ ነው ወይስ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ? ተቀባዩ ሐኪም ወረቀቱን ይገልጣል፤ «ንቃቱ ጥሩ» ይላል። ይህ ምንም አይነግረውም። «8፡20፣ ንቃት 15 ከ15፤ የዓይን ብሌኖች እኩል፣ ሁለቱም ለብርሃን ይጠባሉ» ቢል ግን፣ ንቃቱ አሁን 11 ከ15 መሆኑን አይቶ በመንገድ ላይ መውረዱን ያውቃል፤ ሳይዘገይም ቀዶ ሐኪም ይጠራል። የፖሊስ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ተጎጂም አለ። «አነስተኛ ቁስል» ብላችሁ የጻፋችሁት ከስድስት ወር በኋላ ዳኛ ፊት ይነበባል፤ ቁስሉ ድኖ ጠፍቷል፤ የቀረው የእናንተ ቃል ብቻ ነው። ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ጻፉ።

አሁን ወደ አንጋፎቹ ልዙር። ጥፋቱን በልጆቹ ላይ ብቻ ብጭን ግፍ ይሆንብኛል።

አንድ ጠዋት ሐኪሞቹ በየአልጋው እየዞሩ በሽተኛ በሚያዩበት ራውንድ ላይ ነበርኩ። ሰገራው ደም የቀላቀለ ሰው አልጋ ዘንድ ስንደርስ ሲኒየሩ «የፊንጢጣ ምርመራስ?» አለ። ኢንተርኗ «አላደረግሁም» አለች። «ለምን?» «ጓንት አላገኘሁም።» «ታዲያ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አላት፤ በሽተኛው ፊት፣ ጓደኞቿ ፊት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ለሌላው ኢንተርን ቀረበ። «ምንም የተለየ ነገር የለም» አለ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። «ጥሩ» ተባለና ታለፈ። የጓንቱ ካርቶን ያለበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ሌሊቱን ሙሉ የነበረው በእኔ ኪስ ውስጥ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ሁለቱም አልመረመሩም፤ ልዩነታቸው አንዷ እውነቱን መናገሯ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም «ምንም የተለየ ነገር የለም» ማለት ጀመረች። በአንድ ጠዋት ተማረች።

እኔም ቁልፉን አውጥቼ «ዶክተር፣ ይህችን ልጅ አይቆጧት» ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ይህ ደብዳቤ የዘገየው ለዚያ ነው።

ስለዚህ አስተማሪዎች ሆይ፣ «አላየሁም» ያለውን ልጅ «እንግዲያው አሁን አብረን እንይ» በሉት። ራውንድ ላይ አንዱን ካርድ አንሥታችሁ፣ የተጻፈውን ጮክ ብላችሁ አንብቡና እዚያው በሽተኛው ላይ ድገሙት፤ ሁለት ሳምንት ይህ ቢደረግ ጸሎቱ ከካርድ ላይ ይጠፋል። ሥራ አስኪያጆች ደግሞ ቅጹ ላይ «አልታየም፣ ምክንያቱ፣ መቼ ይታያል» የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን። ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ መከለያ መጋረጃ፣ ጓንት፤ ይኸው ነው፤ ኤምአርአይ አልጠየቅኩም። ካርዱን ወደ ኮምፒውተር የምታስገቡም፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ሁሉንም አካል «ደህና» ብሎ የሚሞላውን ቁልፍ አታስገቡ። በእጅ የሚገለበጥ ሐሰት ቢያንስ የፊደል ስህተት ይተውልናል።

አዛውንቱን ባለፈው መስከረም ወደ ተመላላሽ ክፍል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ጎረቤት ሆነናል። አሁንም ጫማቸው ያበራል፤ አሁንም ካልሲ አላቸው። ወጣቷ ሐኪም «እንደምን አደሩ አባባ» ስትላቸው መልስ ሳይሰጡ ጎንበስ ብለው ካልሲያቸውን አወለቁና እግራቸውን በርጩማው ላይ አኖሩት። ሳቀች። ባትሪዋን አውጥታ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየፈለቀቀች አየች፤ ግራውንም አስወለቀቻቸው። ስትጽፍ ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት፤ ልማድ ነው፣ አይለቀኝም። «ቀኝ እግር፦ 4ኛና 5ኛ ጣት ተቆርጠዋል፣ ጠባሳው ደርቋል። ግራ እግር፦ ተረከዝ ላይ 1 ሴ.ሜ ስንጥቅ፣ መግል የለውም። የጉልበት ምላሽ፦ አልታየም፣ መዶሻ የለም።»

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች ነርስ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ለየሆስፒታሉ ካርድ ክፍል
ለጓንት ቁም ሣጥን ቁልፍ ያዦች